የመሪጌታው 150 ቀን

በገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች አንዲት የገበያ ከተማ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበረ። ከቆላ ማሽላ፣ ከደጋ ገብስና ጤፍ እየሰበሰበ፣ ክረምት ገብቶ ዋጋ ሲወጣ ይሸጣል። ገበሬው እህሉን በዱቤ ይሰጠዋል፤ ባልቴቶች ያጠራቀሙትን አሞሌ አደራ ያስቀምጡበታል፤ አጋሰስ ነጂዎች የዓመት ኪራያቸውን እስከ መስቀል ይጠብቁታል። በቃሉ የሚያድር ሰው ስለነበር ዋስ ጥራ ያለው አልነበረም።

ከዚያ ሁለት ክፉ ዓመታት ተከታተሉበት። በመጀመሪያው ጭነቱን ከነአጋሰሱ ወንዝ ወሰደበት። በሁለተኛው፣ ያንን ሊሸፍን የተበደረው ሁሉ ዋጋው በወደቀ ገበያ አለቀ። ጥር ላይ ታሞ ሞተ። ተዝካሩ ሳይወጣ ጉዱ ተሰማ፤ የሰው ዕዳ 300 ዳውላ ነው፤ የተረፈውን እህል ልክ ግን የሚያውቅ የለም። ከፊሉ በጉድጓድ ተቀብሯል፣ ከፊሉ በተበዳሪዎች እጅ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ በሌሊት ከጎተራው እየወጣ ነው ይባላል።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የፈሩት ቀድሞ የደረሰው አህያውን ጭኖ ሄዶ፣ ሩቅ ያለው ገበሬ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ይሾም፤ ያለውን ሁሉ ይሰብስብ፣ ያስፍር፣ ለሁሉም እንደ ዕዳው መጠን ያካፍል ተባለ። የተመረጡት የደብሩ መሪጌታ ናቸው። መጻፍ ያውቃሉ፤ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ የከተማው ሰው እኩሌታው ተማሪያቸው ስለነበር ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል።

መሪጌታ አመነቱ። «ተማሪዎቼን ለማን ጥዬ? እርሻዬንስ ማን ያርስልኛል?» አሉ።

«ድካምዎን ከእህሉ እንከፍላለን፣ የኔታ» አሏቸው።

ስንት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ፊደል ያስቆጠረን ሰው ዋጋ መጠየቅ ለእነሱ ነውር ሆነባቸው፤ ዋጋን አስቀድሞ መናገር ለእሳቸውም ነውር ሆነባቸው። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተበላሸው እዚያው ላይ ነው።

መሪጌታ አንድ ዲያቆን ረዳት ይዘው ሥራ ጀመሩ። ጉድጓዶቹን አስከፈቱ። የሟቹን ተበዳሪዎች አንድ በአንድ ጠርተው ያላቸውን አስመለሱ። «እኔም አለብኝ፣ ለእኔም አለብህ» የሚለውን ሁሉ ተቀምጠው ሰሙ፤ አንድ ዳውላ ሁለቴ የሚጠይቀውንም ለዩ። ቆላ ወረዱ፣ ወንዝ ተሻገሩ። ማታ ማታ ብራናቸውን ዘርግተው የዕለቱን ሥራ ይጽፋሉ።

አንዱን ጉድጓድ ሲያስከፍቱ ከላይ ሁለት ክንድ ያህል ጤፍ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ታች እብቅ አገኙ። አንድ ሰው እህሉን አውጥቶ፣ እብቅ ሞልቶ፣ ላዩን ሸፍኗል። መሪጌታ ይህን አይተው ማለፍ አልሆነላቸውም። ጠባቂውን፣ ጎረቤቱን፣ አህያ ያከራየውን ሰው ሲጠይቁ 16 ቀን ቆይተው ደረሱበት። የሟቹ ወንድም ነው፤ ከአንድ የገበያ ሰፋሪ ጋር ተማክሮ ሲያወጣ ከርሟል። ወንድምየው ግን አገር ለቆ ጠፍቷል፤ እህሉም ተበልቷል። አንዲት ቁና አልተመለሰችም።

መስከረም ሲጠባ የተሰበሰበው እህል ተሰፍሮ 60 ዳውላ ሆነ። በገበያ ቀን አበዳሪዎቹ ሁሉ ባዶ ስልቻቸውን ይዘው ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። መሪጌታ ብራናቸውን አነበቡ። በዚያ አገር ዳውላው 20 ቁና ነው። የራሳቸው 150 ቀን በቀን 6 ቁና ሲታሰብ 45 ዳውላ፤ የዲያቆኑ 110 ቀን በቀን 2 ቁና ሲታሰብ 11 ዳውላ። ድምሩ 56 ዳውላ። ለአበዳሪዎቹ 4 ዳውላ ይተርፋል፤ ከ75 እጅ አንድ እጅ መሆኑ ነው።

አሞሌያቸውን አደራ ያስቀመጡ አንዲት ባልቴት ተነሡና «የኔታ፣ ይህን ሁሉ ወር ሲሰበስቡ የከረሙት ለማን ኖሯል?» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። መሪጌታን ያመማቸውም ይኸው ነው።

ነገሩ ለዳኛው ቀረበ። ዳኛው አስቀድመው የጠየቁት ቀላሉን ነው፤ «በዚህ ብራና ላይ ያልተሠራ ቀን ተጽፏል የሚል አለ?» ምስክር ተጠራ፣ ዲያቆኑ ማለ፣ የቆላ ሰዎች ድረስ መጥተው ቃላቸውን ሰጡ። አንድም የሐሰት ቀን አልተገኘም።

«እንግዲህ ቀኑ እውነት ከሆነ ዋጋውም እውነት ነው» አሉ መሪጌታ።

«ቀኑ የነገረኝ የእርስዎን ድካም ነው» አሉ ዳኛው። «እነዚህ ሰዎች በድካምዎ ምን እንዳገኙ ገና አልነገረኝም።»

በዚህ ጊዜ ነገር የሚያውቅ አንድ ገበሬ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይህን ነገር ምን ያስረዝመዋል? ሰፋሪ ከሰፈረው፣ ደላላም ካሻሻጠው ላይ ይቆነጥራል። ለየኔታም ካመጡት ላይ ከ10 አንድ እንስጣቸው፤ 6 ዳውላ። ብዙ ያመጣ ብዙ ይወስዳል፣ ጥቂት ያመጣ ጥቂት።» ሰው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ።

ዳኛው ግን መልሰው ጠየቁት። «አምና ሸክላ ሻጯ ስትሞት ስንት እህል ተረፈ?»

«3 ዳውላ፣ ጌታዬ።»

«ጠያቂውስ ስንት ሰው ነበር?»

«40 እንሆናለን።»

«የ40 ሰው ቃል ሰምቶ፣ ጽፎ፣ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ 3 ዳውላ ለሚያካፍል ሰው ከ10 አንድ ስትሉት የሚደርሰው 6 ቁና ነው። የአንድ ወር ሥራ በ6 ቁና ማን ይቀበላችኋል? የሚቀበል ከጠፋ የድሃ ጎተራ ለሌባ ቀረ ማለት ነው። ነገ ደግሞ 3000 ዳውላ የሞላ ጎተራ ትቶ የሚሞት ቢኖር፣ በር ከፍቶ በሳምንት ላካፈለ ሰው 300 ዳውላ ልትሰጡት ነው?»

«ታዲያ ከ10 አንድ ምንም አይረባም ሊሉን ነው?»

«ይረባል እንጂ። ከ60 ላይ 56 ሲባል ስሰማ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በድንጋጤ ግን አልፈርድም፤ ብራናውን እከፍትበታለሁ።»

ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «መሪጌታ፣ በእያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ። እህሉ የራስዎ ቢሆን ኖሮ ይህን ቀን ለዚህ ሥራ ያወጡት ነበር?»

ብራናውን ማየት ሦስት ገበያ ፈጀ። ጉድጓድ ለማስከፈት፣ ዘበኛ ለማቆምና ተበዳሪ ለመጥራት የሄደው 30 ቀን ሳይነካ አለፈ። የአበዳሪዎችን ቃል የሰሙበት 28 ቀንም ለመሪጌታ ጸደቀ፤ ግን ዲያቆኑም እዚያው አጠገባቸው ተቀምጦ ያንኑ ቃል ሲጽፍ ኖሮ ያንኑ 28 ቀን ቆጥሯል። «ሁለታችሁ የሰማችሁት አንድ ቃል አይደለም?» ተባለ፤ የዲያቆኑ 28 ቀን ተሠረዘ።

መሪጌታ እህል ሲሰፈርና ስልቻ ሲታሰር ቆመው ያሳለፉት 40 ቀን ነበር። «ይህን ዲያቆኑ አይችለውም ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ይችለዋል። እኔ ነኝ ዓይኔ ካላየ ያላመንኩት።»

«አለማመኑ የእርስዎ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የሚከፍሉት እነሱ ሆኑ» አሉና ያንን 40 ቀን በዲያቆን ዋጋ፣ በቀን 2 ቁና ቆረጡት። የመጨረሻው 12 ቀን ሒሳቡን በንጹሕ ለመገልበጥ የሄደ ነው፤ ማታ ማታ ሲጻፍ የከረመን ነገር ለመገልበጥ 2 ቀን ይበቃል ተባለ።

ወንዝ ማዶ ያለው ዕዳ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ከበደ። መሪጌታ 2 ዳውላ ያለበትን አንድ ሰው ለማግኘት 24 ቀን ሄደዋል። ለዚያ የጠየቁት ዋጋ 7 ዳውላ ከ4 ቁና ነው። ያመጡት ምንም።

«የሰውየውን ቤት ያዩት በስንተኛው ቀን ነው?»

«በስድስተኛው።»

«ምን ነበረው?»

«በሬ የለው፣ ፍየል የለው። ባዶ ቤት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተመለሱም?»

«ዕዳ ነዋ፣ ጌታዬ! ዕዳ እንዴት ዝም ብሎ ይቀራል?»

«የራስዎ 2 ዳውላ ቢሆን 24 ቀን ይከተሉት ነበር?»

መሪጌታ ብዙ ቆዩ። «በስድስተኛው ቀን እመለስ ነበር» አሉ።

ይህን መልስ ያስገደዳቸው አልነበረም፤ ምስክርም አልነበረበትም። እኔ መሪጌታን የማከብራቸው በዚህ ነው። 6 ቀን ተፈቀደ፣ 18 ቀን ተሠረዘ።

የእብቁ ጉድጓድ 16 ቀን ሲነሣ አበዳሪዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ተነሡ። «አንዲት ቁና አላመጣልንም! ይሠረዝ!» ዳኛው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። መሪጌታ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «የራሴ ቢሆን ምናልባት ሆዴን ይዤ አልፈው ነበር። ግን የሾማችሁኝ እናንተ ‹እህሉ የት ገባ?› ስትሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ያ ሰፋሪስ ዛሬም ቁናውን ይዞ ገበያ መካከል ቆሞ ቢሆን?»

ዳኛው 16ቱን ቀን በሙሉ ፈቀዱ። «ይህ ሥራ እህል ለማምጣት የተሠራ አይደለም። ሹመት ያመጣው ግዴታ ነው፤ ገበያውን የሚጠብቅ ሥራ ነው» አሉ።

«ጌታዬ» አሉ ባልቴቲቱ፣ «የገበያው ሥራ ከሆነ ገበያው ይክፈል እንጂ ስለምን ከእኔ አሞሌ ይወጣል?»

ዳኛው ወዲያው አልመለሱም። «እውነትዎን ነው፣ እናቴ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ገበያው ሣጥን የለውም።»

ተደምሮ ለመሪጌታና ለዲያቆኑ 36 ዳውላ ከ16 ቁና፣ ለአበዳሪዎቹ 23 ዳውላ ከ4 ቁና ሆነ፤ ከ13 እጅ አንድ እጅ ገደማ። የተደሰተ ወገን አልነበረም። መሪጌታ ሲነሡ «በስተርጅናዬ ሌባ ተባልኩ» አሉ። ዳኛው «ሌባ ቢሆኑማ ኖሮ የእኔ ሥራ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር» ብለው አስቀመጧቸው። ለሽማግሌዎቹም ከእንግዲህ የሚሾም ሰው ከመጀመሪያው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይናገር፤ ካሰበው ሲያልፍ ተመልሶ ይጠይቃችሁ እንጂ በመስከረም አያስደንግጣችሁ ብለው አዘዙ።

የዳኛው ጥያቄ ለንደን ውስጥ በእውነተኛ ችሎት የተነሣ ነው። የእንግሊዙ የጋዜጣ ባለሀብት ሮበርት ማክስዌል በኅዳር 1991 እ.ኤ.አ. በካናሪ ደሴቶች አቅራቢያ ከመርከቡ ወድቆ ሞተ። ከሞቱ በኋላ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ መጉደሉ ታወቀ። የግል ንብረቱን እንዲሰበስቡ ፍርድ ቤት የሾማቸው ሰዎች ወደ 1.67 ሚሊዮን ፓውንድ ሰበሰቡ፤ የእነሱ ዋጋና የጠበቆቻቸው ወጪ ግን ወደ 1.63 ሚሊዮን ደረሰ። ዳኛ ፌሪስ በ1997 እ.ኤ.አ. በሰጡት ውሳኔ መደንገጣቸውን አልሸሸጉም። ሆኖም ዋጋውን በድንጋጤ ቆርጠው አልጣሉትም፤ ሒሳቡ በዝርዝር እንዲመረመር ላኩት፣ የሚመረመርበትንም መለኪያ አስቀመጡ። የሰው ንብረት በአደራ የያዘ ሰው ዋጋው የሚገባው መሆኑን ማስረዳት የእሱ ፋንታ ነው። የሠራው ሰዓት ሥራው ምን ያህል እንዳስወጣ ይናገራል እንጂ ምን ያህል እንደጠቀመ አይናገርም። ጥያቄው፣ አስተዋይ ሰው በራሱ ጉዳይ፣ በራሱ ገንዘብ ይህን ያደርግ ነበር ወይ የሚለው ነው። ሰዎቹ የኩባንያ ሒሳብ አጣሪዎች አልነበሩም፤ ቃሉ ግን የኪሳራ ሥራ ለሚሠሩት ሁሉ ደርሷል።

የገበሬው ከ10 አንድም የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ የባለአደራው ዋጋ ጣሪያ የሚወጣው ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ነው፦ ከመጀመሪያው 5,000 ዶላር 25 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 50,000 ድረስ 10 በመቶ፣ እስከ 1 ሚሊዮን 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ አንድ ዳኛ በትንንሽ ኩባንያዎች ጉዳይ የሰዓትን ሒሳብ ትተው ወደ መቶኛ አዘነበሉ፤ ሳክር በተባለው ኩባንያ ጉዳይ ከ63,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ የጠየቀው አጣሪ 20,000 ብቻ ተፈቀደለት። በ2017 እ.ኤ.አ. አምስት ዳኞች የተቀመጡበት የይግባኝ ችሎት ያንን ሻረው። ዋጋው ከንብረቱና ከሥራው ጥቅም ጋር መመዛዘን አለበት አሉ፤ ግን ንብረቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ በሰዓት የተጠየቀ ዋጋ አይወድቅም፣ ሕግ ያዘዘው ሥራ በትንሹም ኩባንያ ውስጥ ይሠራልና። እኔ ይህን ፍርድ ትክክል ነው እላለሁ። ትንሹን ኩባንያ የሚያጠራ ሰው ከጠፋ የሚጎዱት ደመወዛቸው የቀረባቸው ሠራተኞችና ዕቃ በዱቤ ያስገቡ ነጋዴዎች ናቸው። እንግሊዝ ደግሞ ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት የሚከፈለው አጣሪ አስቀድሞ የዋጋ ግምቱን ለገንዘብ ጠያቂዎች እንዲያቀርብ አዛለች፤ ዳኛው ለሽማግሌዎቹ ያዘዙት ይህንኑ ነው።

እኛም አገር ጉዳዩ ከእንግዲህ የሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የኪሳራን ክፍል እንደ አዲስ ጽፎታል፤ በአክሲዮን ማኅበር ገንዘቡን ያስቀመጠው ሰውም፣ እዚህ ያለውም ውጭ አገር ያለውም፣ ብዙ ነው። ማኅበር ሲፈርስ የማጣራቱ ወጪ ቀድሞ ይወጣል፤ ባለአክሲዮኑ ከሁሉ በኋላ ይቆማል። እያንዳንዱ ሰው የቀረበት ገንዘብ ትንሽ ስለሚሆን ደግሞ ጠበቃ ቀጥሮ የአጣሪውን ሒሳብ የሚመረምር አይኖርም። ስለዚህ ማንም ባይቃወም እንኳ ዳኛው ራሱ ሒሳቡን ገልጦ በየሥራው ላይ መጠየቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የባልቴቲቱ ጥያቄ ግን በየትም አገር ያስቸግራል። አጣሪው የኩባንያው አለቆች ያጠፉትን ሲመረምር ጥቅሙ የሕዝብ ነው፤ ወጪው የሚነሣው ግን ቀድሞውኑ ከተጎዱት ድርሻ ላይ ነው። ምንም ካልተረፈ ደግሞ ምርመራው ራሱ ይቀራል፤ ሁሉን ጠርጎ የወሰደ አለቃም በዚያው ያመልጣል። አውስትራሊያ ለዚህ ፈንድ አላት። የኩባንያዎች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል፤ ንብረት ያልተረፈውን ወይም ጥቂት ብቻ የተረፈውን ኩባንያ የሚያጣራ ሰው የጥፋት ምርመራውን እንዲያደርግ ከዚያ ይከፈለዋል። የእኛ የኪሳራ ሕግ በደንብና በመመሪያ ሲደራጅ እንዲህ ያለ ፈንድ ከመጀመሪያው እንዲታሰብበት እፈልጋለሁ፤ ገንዘቡም ከኩባንያዎች የምዝገባና የእድሳት ክፍያ ላይ ጥቂት ተቆርጦ ቢዋጣ፣ በገበያው ሥርዓት የሚጠቀሙት ሁሉ ከፋዮች ይሆናሉ።